ስለ ቤዝቦል ተጫዋቹ ጃኪ ሮቢንሰን የትኛውን ፊልም ልግዛ?

ገንዘብ የምታወጡት ለአንድ ፊልም ብቻ ከሆነ «42»ን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው፤ 128 ደቂቃ ይፈጃል። ርዕሱ የጃኪ የመለያ ቁጥር ነው። አሜሪካ ያላችሁ ኤፕሪል 15 ቀን ቤዝቦል ስትከፍቱ ተጫዋቹ ሁሉ 42 ለብሶ ግራ ገብቷችሁ ይሆናል። ከ60 ዓመት በላይ ጥቁር ባልተሰለፈበት ሊግ ጃኪ ለብሩክሊን ዶጀርስ ቡድን የገባው በዚያ ቀን በ1947 ነው።

ጃኪን የሚጫወተው ቻድዊክ ቦስማን ነው፤ ያ የ«ብላክ ፓንተር»ሩ። ያስፈረመውን የቡድኑን ኃላፊ ብራንች ሪኪን ደግሞ ሃሪሰን ፎርድ። ጨዋታውን አላውቅም ብላችሁ አትስጉ። እኔም እስከ ዛሬ ሕጉ በቅጡ አይገባኝም፤ ፊልሙን ግን ሁለቴ አይቼዋለሁ።

አንዱ ትዕይንት ብቻውን ዋጋውን ያወጣል። የፊላደልፊያው አሰልጣኝ ቤን ቻፕማን ጃኪ ዱላ ይዞ በቆመ ቁጥር ብቅ እያለ በዘሩ ይሰድበዋል። ስድቡ አያልቅም። ጃኪ መልስ ላይሰጥ ቃል ገብቷል፤ ዝም ብሎ ኳሱን ይጠብቃል። ኋላ ማንም ወደማያየው መተላለፊያ ይገባና ዱላውን ከግድግዳ ጋር እያላተመ ይሰብረዋል። ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች ካሉ ይህን አስቡበት፤ ስድቡ አልተለዘበም።

የ1950ው «ዘ ጃኪ ሮቢንሰን ስቶሪ» 76 ደቂቃ ነው፣ ጥቁርና ነጭ። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ጃኪን የሚጫወተው ራሱ ጃኪ ነው! እውነቱን ለመናገር ትወናው ደረቅ ነው፤ የሸመደደውን የሚያነበንብ ይመስላል። ሚስቱን ሆና የምትሠራው ሩቢ ዲ ናት የምታድነው። ኳስ ሲመታና ሲሮጥ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ ያኔ ገና ሜዳ ላይ ነበራ። ቦስማን የፈለገውን ያህል ቢለማመድ እዚያ አይደርስም። በዚህኛው ስድቡ ለስልሷል። ማብቂያው ላይ ጃኪ ዋሽንግተን ሄዶ ስለ ዴሞክራሲ ሲናገር የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ይሸታል።

እሱን ግን አትግዙት። አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብቱ ስላበቃ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። እኔ ሳላውቅ ርካሽ ዲቪዲ ገዝቼ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

ሁለቱም ጃኪ ጫማ ከሰቀለ በኋላ ያለውን አይነኩም። ያንን ከፈለጋችሁ የኬን በርንስ የ2016 ዘጋቢ ፊልም አለ፤ ሚስቱ ራሔል ራሷ ትናገራለች። አራት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ለሁለት ምሽት ክፈሉት።