ዲፖ፣ ፖስትፒል ወይስ በክንድ የሚቀበረው?

ጓደኞቼ ቡና ላይ በተገናኘን ቁጥር አንድ ጥያቄ አለቻቸው። "ለእርግዝና መከላከያ ዲፖ መርፌ ልወጋ ወይስ ክንዴ ላይ ላስቀብር?" መልሴ ያው ነው፤ ክንድሽ ላይ፣ በተለይ ባለ ሁለት ዘንጉን፣ ባለ 5 ዓመቱን ጃዴል።

እዚህ የደረስኩት ገንዘብ አውጥቼ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ በጥድፊያ ፖስትፒል፣ ማለትም ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ገዛሁ። ቤት ገብቼ ሳየው የማብቂያ ቀኑ ተፍቋል። ስመለስ ሱቁ ተዘግቷል። ጠዋት ከፋርማሲ ሌላ ገዛሁ። ለአንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ፤ የወር አበባዬ እስኪመጣም እንቅልፍ አጣሁ። ክኒኑ ያለመከላከያ ከተደረገ ግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ያውም ቶሎ ሲወሰድ ነው የሚረዳው። ስለዚህ ማሸጊያውን ሳታዪ አትክፈይ።

የሚገርመው ፖስትፒልና ጃዴል ውስጥ ያለው ሆርሞን አንድ ነው፤ ሌቮኖርጀስትሬል። ፖስትፒል 1.5 ሚሊግራሙን በአንዴ ይሰጥሻል። ጃዴል 150 ሚሊግራም ይዞ ለ5 ዓመት በጥቂት በጥቂቱ ይለቃል። ፖስትፒል ለድንገተኛ ነው፤ በየወሩ እየገዙ መኖር ኪስም አይችለው።

ዲፖም ጃዴልም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ወጪው ያለው ምልልሱ ላይ ነው። ዲፖ በየ3 ወሩ ስለሆነ በ5 ዓመት 20 ጊዜ ትሄጃለሽ። የታክሲ ደርሶ መልስ 60 ብር ብንል 1200 ብር። ለጃዴል ለማስገባትና ለማስወጣት 120 ብር። ከሥራ የምትቀሪበትን ቀን አልቆጠርኩም። ደግሞ ዲፖን ካቆምሽ በኋላ ለመፀነስ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ጃዴል ከወጣ ግን ቶሎ ነው። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን የምትወስድ ግን ዲፖን ትምረጥ፤ ሪፋምፒሲን የጃዴልን አቅም ያዳክመዋል።

ጃዴልም ጣጣ አለው። እኔን የመጀመሪያዎቹን ወራት ደም ጠብ ጠብ እያለ አሰልችቶኛል። ከሁሉ የባሰው ማስወጣቱ ነበር። አንዱ ዘንግ ጠልቆ ስለገባ ነርሷ ብዙ ፈለገችው፤ ማደንዘዣም ተጨመረልኝ። ስለዚህ ልክ እንዳስቀበርሽ ጣትሽን አሳርፊበት። ሁለቱም ዘንጎች እንደ ክብሪት እንጨት ከቆዳሽ ስር መዳሰስ አለባቸው። አንዱን ካጣሽው ከአልጋው ሳትወርጂ ተናገሪ። ከማስገባትሽ በፊትም "እዚሁ ታወጡልኛላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ፤ አስገብተው ለማውጣት ሌላ ቦታ የሚልኩ አሉ። የሚወጣበትን ወር ደግሞ እዚያው ስልክሽ ላይ መዝግቢው።