የልጆች የክረምት ትምህርት፦ ክራሩን አስመዝግቡ፣ ሥዕሉን እለፉት

ገርጂ አካባቢ ያለ የልጆች ማዕከል ነው። የማማርረውም ስላለኝ ስሙን አልጠራም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግማሽ ቀን ክራር፣ ተረትና እንቆቅልሽ፣ እንዲሁም ሥዕል ያስተምራሉ። ልጄ 9 ዓመቷ ነው፣ ታናሽ ወንድሟ 7። ሁለቱንም አስገባኋቸው።

ከክራሩ ልጀምር፤ ያወጣሁት ገንዘብ ያልቆጨኝ በእሱ ነው። መምህሩ ወጣት ነው፤ ትዕግሥቱ ግን የሽማግሌ። ዘፈን ከማስያዙ በፊት መቃኘት አስተማራቸው። ክራር 6 አውታር ቢኖረውም ድምፁ 5 ነው፤ ስድስተኛው የአንዱን ድምፅ በኦክታቭ ልዩነት፣ ማለትም ያንኑ ድምፅ አቅጥኖ ወይም አወፍሮ፣ ይደግማል። ይህን በቃል አልነገራቸውም። ዓይናቸውን አስጨፍኖ አውታሮቹን አንድ በአንድ እየመታ «የትኞቹ ናቸው ወንድማማቾቹ?» ይላቸዋል። እነሱ ይጮኻሉ።

ከዚያ ትዝታ ወደሚባለው ቅኝት ገቡ። ሜጀሩን (ደመቅ ያለውን) ትዝታ ወደ ማይነር (አዘን ወዳለው) ለመቀየር ሁለት አውታር በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ልጄ ይህን ቤት ውስጥ ስታሳየን ሁለቱን አውታር አላላችና ያንኑ ዜማ ደገመችው። «አየሽ? አሳዘንኩት» አለችኝ። ሌሎቹ ቅኝቶች፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ ለከርሞ ናቸው ተብሏል። ይሁን፣ አልቸኩልም።

አንድ ነገር ግን አናዶኛል። ማስታወቂያቸው «መሣሪያ እናቀርባለን» ይላል። ክፍል ውስጥ ግን አንድ ክራር ለሁለት ልጅ ነው፤ ወደ ቤት መውሰድም አይቻልም። ሳይለማመዱ ደግሞ ጣት አይፈታም። በመጨረሻ የራሳችንን ገዛን። ይህን ቀድመው ቢነግሩን ምን ነበረበት?

ተረቱን የያዙት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ልጆቹ «እማማ» ይሏቸዋል። እኛ አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን እያየን ነው ያደግነው፤ «የላም በረት» ብለን የምንመልሰው ለመስታወት ነበር። እዚህ ተራቺዋ ፊት ለፊት ናቸው፤ ያልመለሰ ልጅ ተረቱን ያስቆማል። የግል ትምህርት ቤት ልጆች አማርኛቸው ግማሹ እንግሊዝኛ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እማማ አይቆጡም። እንግሊዝኛ የቀላቀለውን ልጅ «አልሰማሁህም የኔ ጌታ» ብለው ዝም ይላሉ። ልጁ ቃሉን ከየትም ፈልጎ ያመጣል።

አንድ ቀን «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» አሉ። ማንም አላወቀውም። «አገር ስጡኝ» ሲሉ ወንዱ ልጄ ለንደንን ሰጣቸው። «ረግጬው የማላውቀውን አገር ምን አደርገዋለሁ?» ብለው መለሱለት። በመጨረሻ በደብረ ዘይት ተስማሙ። መልሱ ጤዛ ነው። የኮንዶሚኒየም ልጅ ጤዛ የት ያውቃል! እንዳያሳዩዋቸው ደግሞ ክረምት ነው፣ ሣሩ ሁሉ በዝናብ ርሷል። «መስከረም ሲጠባ በጠዋት ተነሥታችሁ እዩ» ብለው አሳደሯቸው። ልጄ መስከረምን በጉጉት እየጠበቀ ነው።

ሥዕሉ? ፎቶኮፒ። የውጭ ካርቱን ታትሞ ይሰጣቸዋል፣ በከለር ይሞላሉ፣ በቃ። አስተማሪዋ ስልኳ ላይ ናት። ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ «ቀለም ተወዷል» አሉኝ። እርሳስም ተወዷል? ባዶ ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶ «እስቲ ጓደኛችሁን ሣሉ» ማለት ምን ያስወጣል?

በዚያ ፈንታ አንድ ቅዳሜ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው ሙዚየም ወሰድኳቸው፤ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ማለት ነው። ልጄ የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ጋ ቆማ አውታር ቆጠረች፦ ማሲንቆ 1፣ ክራር 6፣ በገና 10። ወንዱን የያዙት የቆዩት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ናቸው። ዓይናቸው ለምን ትልልቅ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ዋለ። ማታ አያቱን በዚያው ዓይን ሣላቸው። እሳቸውም ወደውታል፤ ፍሪጁ ላይ ለጥፈውታል።

ልታስመዘግቡ ካሰባችሁ ሰኔ ሳያልቅ ሂዱ፤ የክራሩ ክፍል ቶሎ ይሞላል። ለክራርና ለተረት ብቻ መክፈል ይቻል እንደሆነም ጠይቁ። ፎርሙ ላይ አይጽፉትም። እኔ ግን ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ተከራክሬ ሥዕሉን አስወጣሁት፤ ከክፍያው ላይ ሲሶውን ቀነሱልኝ።