ደብረ ብርሃን ላይ ለአዲስ ልቦለድ ደራሲ የሚቀርበው «ሙሉ ጥቅል»፦ የቱ ይገዛል፣ የቱ ይቀራል

ጡረታ ወጥተው የመጀመሪያ ልቦለዳቸውን በራሳቸው ወጪ ለማሳተም ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከሸዋ ሮቢት ደብተር ሸክፈው ደብረ ብርሃን ለሚመጡ ሰዎች አንድ የጽሕፈትና ኅትመት ቤት ሙሉ ጥቅል ያቀርባል። ጽሕፈት፣ እርማት፣ የገጽ ቅንብር፣ ሽፋንና ኅትመት በአንድ ውል ይጠቃለላሉ። ጽሕፈቱ ጥሩ ነው፣ ቅንብሩም ደህና። እርማት የሚባለው በስም ብቻ ነው። ኅትመቱን ለይቶ መዋዋል ይሻላል።

ጸሐፊዋ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ታውቅበታለች፤ ያልገባትን ገምታ አታልፍም። «ጋሼ፣ ይቺ ‘ሠ’ ናት ‘ሰ’?» ብላ ትጠይቃለች። ጥያቄው ተራ ቢመስልም ብዙ መጽሐፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ምዕራፍ 1 ላይ «ዓለሚቱ» የተባለች ሴት ምዕራፍ 7 ላይ «አለሚቱ» ሆና ከመጣች ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷን ፈልግ ሲሉት ሌላዋን አያመጣም። ስለዚህ ደብተሩ ከመሰጠቱ በፊት የሰዎችና የቦታ ስሞች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ፣ በሚፈለገው ፊደል ተጽፈው አብረው ይሰጡ። የመንዝ ገበሬ በንግግሩ የሚያመጣውን ቃል ጸሐፊዋ «አስተካክላ» ወደ መጽሐፍ አማርኛ እንዳትመልሰውም በቀይ ተሰምሮበት ኅዳጉ ላይ «እንዳለ ይጻፍ» ይባል።

ክፍያው በገጽ ነው። ግን የቱ ገጽ? ኤ4 ላይ በ14 ነጥብ የፊደል መጠን፣ መስመሩ እጥፍ ተራርቆ ሲጻፍ ያው ድርሰት በ12 ነጥብና በነጠላ መስመር ከሚይዘው ገጽ እጥፍ በላይ ይሆናል። የወረቀት መጠን፣ የፊደል መጠን፣ የመስመር ርቀትና ኅዳግ ከዋጋው በፊት ይወሰኑ። ቤቱ ሲጠየቅ ይጽፍልዎታል፤ ካልተጠየቀ ግን ዝም ነው።

ሌላው ጣጣ ፎንት፣ ማለትም የኮምፒውተሩ የፊደል ዓይነት ነው። ልማድ ሆኖባቸው ዛሬም በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የሚጽፉ ጸሐፊዎች አሉ። ያ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ፊደሉ ጠፍቶ የላቲን ፊደልና ምልክት ይደረደራል። «በዩኒኮድ ይጻፍልኝ» ማለት ይበቃል፤ ዩኒኮድ ስልክም ኮምፒውተርም የሚያነበው የጋራ የፊደል አሠራር ነው። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ገጾች ቀድቶ በቴሌግራም መልእክት ሳጥን ውስጥ መለጠፍ። ስልክዎ ላይ አማርኛው ከተነበበ ደህና ነው።

እርማቱ የተለቀቀ ፊደል ከመልቀም አያልፍም። ምዕራፍ 3 ላይ የሞተው አጎት ምዕራፍ 12 ላይ ቡና ሲጠጣ ማንም አይነግርዎትም። ለዚህ አርታኢ ያስፈልጋል፤ ክፍያውም የተለየ ነው። አርታኢ ካልተገኘ አንድ የአማርኛ መምህር በታተመ ረቂቅ ላይ በእስክሪፕቶ ቢሄድበት ከጥቅሉ እርማት የተሻለ ሥራ ይሠራል።

ቅንብሩ ንጹሕ ነው፤ አራት ነጥብ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር ራስ አይወርድም። የሚረሱት የገጽ ስሌት ነው። የኦፍሴት ኅትመት (ፕሌት በሚባል የብረት ሰሌዳ የሚታተመው) ብዙ ጊዜ በ16 ገጽ እጥፍ ይቆጠራል። በዚህ ስሌት መጽሐፉ 242 ገጽ ላይ ካለቀ የሚከፈለው የ256 ነው፣ 14ቱ ባዶ ሆነው። የምዕራፍ መጨረሻዎችን ትንሽ ጠበብ አድርጎ 240 ላይ ማሳረፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሳይጠየቁ ግን አይሠሩትም።

ሽፋኑ ላይ ጀርባውን፣ ማለትም የመጽሐፉን ውፍረት የሚሸፍነውን ጠባብ ጎን፣ በልክ ያዙት። 240 ገጽ ማለት 120 ቅጠል ነው፤ በ80 ግራም ወረቀት (ግራሙ የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ነው) 12 ሚሊ ሜትር ግድም ይወፍራል። ሠሪው በግምት 8 ካደረገው የሽፋኑ ሥዕል ወደ ጀርባው ይንሸራተታል። ፎቶ በቴሌግራም ሲላክ «እንደ ፋይል» ይሁን፤ አለዚያ ተጨምቆ ደብዝዞ ይደርሳል።

ኅትመቱን ቤቱ ራሱ አያትምም፤ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ያሳትመዋል። ወረቀቱን ሳያዩ «1,000 ቅጂ ያሳትሙ» ይባላሉ። ክርክራቸው ሐሰት አይደለም፤ የፕሌቱ ወጪ ለ200ም ለ1,000ም ያው ስለሆነ የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ግን ኤ5 መጠን፣ 240 ገጽ፣ 70 ግራም ወረቀት አንዱ ከነሽፋኑ 280 ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ሺሁ ሦስት ኩንታል ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ ያውም ሳሎን ውስጥ። አከፋፋይ አስቀድሞ ካልተገኘ ከ100 እስከ 200 ቅጂ ፕሌት በማያስፈልገው በዲጂታል ማሳተም ይሻላል፤ የአንዱ ዋጋ ቢወደድም ኪሳራው ትንሽ ነው።

ሙሉው ከመታተሙ በፊት አንድ የተጠረዘ ናሙና ይጠየቅ። መሐሉ ላይ ወለል አድርጎ መክፈት ነው። ሙጫው ከተሰነጠቀ ወይም ቅጠል ከለቀቀ ይመለስ። ሙጫ በብርድ ደርቆ ይሰነጠቃልና የደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ውርጭ አይምረውም።

ከሁሉ የከፋው ውሉ ውስጥ በአንድ መስመር የገባችው፣ መብቱን ለቤቱ የምታሳልፈው «የኅትመት መብት» ናት። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት (ከድርሰቱ ገንዘብ የማግኘት መብት) ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። በስድሳና በሰባ ዓመቱ ለሚጀምር ሰው ይህ የልጆቹ ገንዘብ ነው። መስመሯ ትሰረዝ። የመጽሐፉ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር፣ አይ ኤስ ቢ ኤኑም ሲወጣ አሳታሚ ተብሎ የሚመዘገበው ደራሲው ይሁን።

ግንቦትና ሰኔ ቤቱ በተመራቂዎች ጥናት ስለሚጨናነቅ ደብተር ይዞ መሄድ አይመከርም። የመጨረሻው ክፍያ የሚሰጠው በኋላም ሊታረም የሚችለው ፋይል፣ ፒዲኤፉና የሽፋኑ ፋይል በፍላሽ ከገቡ በኋላ ነው። ፍላሹ እዚያው፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ይታይ።