ሀገር ቤት ሄጄ ያየኋቸው ነርሶች፦ ማን ዳሰሰ፣ ማን ቁጥር ብቻ ጻፈ

ዕረፍት ብዬ ሀገር ቤት ሄጄ ግማሹን ጊዜ ከእናቴ ጋር ሕክምና ስመላለስ አሳለፍኩት። ስለዚህ የምገመግመው ሆቴል ሳይሆን ነርሶችን ነው። እኔም ውጭ የምሠራው በነርስነት ስለሆነ አይቶ እንዳላየ ማለፍ አይሆንልኝም። አጠቃላይ ምርመራ የሚሰጥ ክሊኒክ፣ ቤት ድረስ የሚመጣ የነርስ አገልግሎትና እናቴ የተኛችበት ሆስፒታል አይቻለሁ። የማንንም ስም አልጠራም።

ክሊኒኩ ፈጣን ነው። ንጹሕ ነው፣ ወረፋው አያሰለችም፣ ሰዎቹም ትሑቶች ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው የግፊት መለኪያው ሲወጣ ነው። እናቴ ደረጃ ወጥታ፣ ገና ትንፋሿ ሳይሰበሰብ፣ አልጋ ጫፍ ላይ እግሯ ተንጠልጥሎ፣ በሹራቧ እጅጌ ላይ ተለካች። ነርሷ በመሀል ስለ ልጆቿ ትጠይቃታለች፣ እናቴም ትመልሳለች። 158 በ92 ወጣ። «ግፊትዎ ከፍ ብሏል እማማ» ተባለ፣ በቀይ ተጻፈ፣ አለቀ።

ግፊት እንዲህ አይለካም። ሰው 5 ደቂቃ ያህል ዐርፎ፣ ጀርባው ተደግፎ፣ እግሩ መሬት ነክቶ፣ ክንዱ በልቡ ልክ ሆኖ፣ ባዶ ክንድ ላይ፣ ሳያወራ ነው። ሽንት ይዞት ከሆነ መጀመሪያ ሽንት ቤት ይሂድ። ለክንዱ የጠበበ መጠቅለያም ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። «ሲስተር፣ ትንሽ ትረፍና እንደገና ብትለኪልንስ?» አልኩ። አልተቆጣችም፣ ይህን ልመስክርላት። 134 በ78 ሆነ። የላይኛው ቁጥር አሁንም ከ120 በላይ ነው፣ ግን ከ158 ጋር አንድ ወሬ አይደለም፤ በመጀመሪያው ቁጥር መድኃኒት ቢጨመርላት ኖሮ ከወንበር ስትነሳ ራሷን አዙሯት ልትወድቅብን ትችል ነበር። ለነገሩ ቆማ የለካት ሰውም የለም። ሰው ከተነሳ በኋላ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ በቀይ መጻፍ ያለበት እሱ ነው።

ሌላው ቀይ ደግሞ የልብ ምቷ ነበር፣ 54። መጽሐፉ ለአዋቂ ሰው ከ60 እስከ 100 ይላል፣ እውነት ነው። ግን እናቴ የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት ነው የምትወስደው፣ አላዞራትም፣ አልደከማትም። ይልቅ ይህን መድኃኒት በአግባቡ የሚወስድ ሰው ምቱ 95 ቢሆን ወረቀቱ «ደህና» ይላል፣ እኔ ግን ምን ነክቶት ነው ብዬ እደነግጣለሁ።

የትንፋሿ ቁጥር 18 ተብሎ ተጽፏል። ማንም አልቆጠረም፣ አጠገቧ ነበርኩ። ይሄ 18 የሚባል ነገር የዓለም ነርሶች ሁሉ ቁጥር ሳይሆን አይቀርም፣ እኔ ጋም ሞልቷል። ከ12 እስከ 20 መሀል ስለሆነ ማንንም አያስቆጣም። የሚያናድደው፣ በሽተኛ ሊብስበት ሲል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚናገረው ትንፋሽ መሆኑ ነው። አንጓ እንደያዙ፣ ልብ ምት የሚቆጥሩ መስለው፣ ሳይነግሩት ደረቱን እያዩ መቁጠር ነው፤ ሰው መቆጠሩን ካወቀ አተነፋፈሱን ይቀይራል።

አሁን ወደ ደስ የሚለው። ቤት የመጣው ነርስ ወጣት ልጅ ነው። መለኪያውን ሳያወጣ ቁጭ ብሎ አያት። ከዚያ «እማማ፣ ካልሲዎን ላውልቅልዎት?» አላት። የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጉልህ መስመር ጥሏል። አውራ ጣቱን የእግሯ አጥንት ላይ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ለቀቀ፣ ስርጉድ ብሎ ቀረ። ጥልቀቱን አየ፣ ወደ 4 ሚሊ ሜትር፣ በእብጠት ደረጃ ሁለት ፕላስ ብሎ ጻፈ። ወዲያው ሌላኛውን እግር። እኩል ነው። እዚህ ጋ ነው የወደድኩት፤ አንድ እግር ብቻ ቢያብጥ፣ ቢሞቅና ቢያም የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው፤ ሁለቱም እኩል ሲያብጡ ግን ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ወይም መድኃኒት ይጠረጠራል። የመድኃኒት ከረጢቷን ይዘርግፉልኝ አለ። አምሎዲፒን አገኘ። እግር በማሳበጥ የታወቀ የግፊት መድኃኒት ነው።

በዚያ ብቻ አልረካም። ጀርባዋን በባዶ ቆዳ ላይ፣ ግራና ቀኙን እያነጻጸረ እስከ ሳንባዋ ግርጌ አዳመጠ። ልብ ደክሞ ሳንባ ውኃ ሲይዝ እዚያ ታች፣ አየር ስትስብ፣ ፀጉር ጆሮ አጠገብ በጣት ሲታሽ እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለ። እሷ ጋ አልነበረም። «ሳንባዎ ንጹሕ ነው፣ ስለ መድኃኒቱ ሐኪምዎን እናማክራለን፣ እስከዚያ በራስዎ እንዳያቆሙ» አላት። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ጎረቤት ደግሞ «ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፣ የወፍ በሽታ ነው» ብላ አስደንግጣን ነበር። ልጁ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን አያት። የእኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ሰው የዓይኑ ነጭ ዳር ዳሩን ቢጫ ወይም ቡናማ ማለቱ ያለ ነገር ነው። የእውነተኛው ቢጫነት ግን ነጩን በሙሉ ይይዛል፣ ጥቁሩ ክብ ጠርዝ ድረስ ይደርሳል፣ ላንቃ ላይም ይታያል። የእሷ ዳሩ ላይ ብቻ ነበር። ጥቁሩ ዙሪያ ያለው ግራጫ ቀለበትም በእሷ ዕድሜ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ወጣት ላይ ቢታይ ግን ኮሌስትሮል ይመረመራል። ጥፍሯ ላይ ያሉት ጠቆር ያሉ ሰንበሮችም የቆዩ ናቸው፣ ብዙ ጥቁር ሰው ላይ አሉ። አንድ ጥፍር ላይ አዲስ የመጣና እየሰፋ የሚሄድ ሲሆን ነው ሐኪም የሚፈለገው።

እኛ የተማርንባቸው ሥዕሎች አብዛኞቹ የነጭ ቆዳ ናቸው። ፊት ሰማያዊ ሲሆን እያሉ ያስተምሩናል፣ እኛ ላይ ግን የከንፈር ውስጥና ምላስ ነው የሚታየው። ደም ማነስም የታችኛው የዓይን ቆብ ውስጥ ነው። ጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክስጅን መለኪያም እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ የደም ኦክስጅናቸው መውረዱን ሳታሳይ ያለፈቻቸው ጥቁር ታካሚዎች ድርሻ ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ 95 ብላ ሰውየው ቃል ሳይጨርስ የሚያለከልክ ከሆነ ሰውየውን እመኑ።

ሆስፒታሉ ድብልቅልቅ ነው። ቀን ጥሩ፣ ማታ እንደ ተረኛው። አንድ ሌሊት እናቴ ተምታታባት፣ እኔን በእህቷ ስም ጠራችኝ፣ ልብሷን ትጎትታለች። ተረኛዋ «ዕድሜ ነው እኮ» ብላ ሄደች። እርጅና በአንድ ሌሊት አይመጣም! በሰዓታት ውስጥ የመጣ መምታታት ምክንያት አለው፤ ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት፣ አዲስ መድኃኒት፣ ብዙ ነገር። ትኩሳት የላትም ማለትም አያጽናናም፣ አዛውንት ኢንፌክሽን ይዟቸውም ላያተኩሱ ይችላሉ። በኋላ አንዲት በዕድሜ ጠና ያለች ሲስተር መጣችና መጀመሪያ የጠየቀችው «ትናንት እንዴት ነበሩ?» ብላ ነው። ሆዷን ገልጣ አየች፣ አዳመጠች፣ ከዚያ በኋላ ነው የነካችው። ሆድ ላይ ቅደም ተከተሉ እንደዚያ ነው፣ ቀድሞ መጫን የአንጀቱን ድምፅ ይቀይራል። ከእምብርቷ በታች ተወጥሯል፣ በጣት ሲመታ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ሽንቷ ታግዶ ነበር። ለሐኪሙ ደውላ በቱቦ ወጣላት፣ ነጋ ሲል እናቴ ስሜን አስተካክላ ጠራችኝ።

የቤት ለቤቱን አገልግሎት ዓይኔን ሳላሽ እመክራለሁ። ክሊኒኩንም ሂዱበት፣ ግን ከመለካታችሁ በፊት ቁጭ በሉ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ግቡ። በሆስፒታሉ ቅሬታዬ አንድ ነው፣ ስንወጣ የነርሶቹን ማስታወሻ ቅጂ ለማግኘት ብዙ አመላለሱን። አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ የሚቀጥለው ነርስ እግሩ ዛሬ ያበጠ ይሁን የቆየ የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ነው።