ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ራዲያተሩን የዳሰሰ ባለሙያ

ለንደን ውስጥ ራዲያተር (ግድግዳ ላይ ሆኖ በሙቅ ውሃ ቤት የሚያሞቀው ብረት) አልሞቅ ብሏችሁ የሚጠግን ሰው እየፈለጋችሁ ከሆነ ይህን አንብቡልኝ። ባለፈው ጥር እኛ ቤት ሁለት ራዲያተሮች በረዶ ሆኑ። ሁለት ባለሙያዎች መጡ። የሁለቱ ልዩነት የሰማይና የምድር ነው፤ የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው።

እናቴ ከደሴ መጥታ ከኋላ ያለውን ክፍል ሰጥተናት ነበር። ብርድ ልብሱ ላይ ጋቢ ደርባ ነው የምትተኛው። እንዳታስቸግረን ብላ አንድም ቀን በረደኝ አላለችም፤ «የእማማ ክፍል እኮ ይበርዳል» ብላ የነገረችኝ ልጄ ናት። አንጀቴን በላችኝ። እኔ ፎቁ ላይ እየሞቀኝ ስተኛ እናቴ ታች ኩርምት ብላ ታድራለች ማለት ነው።

መጀመሪያ የመጣው ከአንድ ድርጅት ነው። ቀጥ ብሎ ወጥ ቤት ገባ፣ ውሃውን የሚያሞቀውን ቦይለር አየ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ ከዚያ «ሲስተሙ በሙሉ መታጠብ አለበት» አለ። ፓወር ፍላሽ የሚሉት ነው፤ በማሽን ውሃ እየገፉ ቧንቧውንም ራዲያተሩንም ሁሉ ማጠብ። 680 ፓውንድ። ሥራው ራሱ ውሸት አይደለም፣ ቤቱ በሙሉ ሲዘጋጋ ያስፈልጋል። ግን የቀዘቀዙትን ሁለት ራዲያተሮች በእጁ እንኳ ሳይነካ እንዴት አወቀ? ይሄ አናዶኛል፣ አሁንም ያናድደኛል።

ሁለተኛው ብቻውን የሚሠራ ሰው ነው። ገና በስልክ ሦስት ነገር ጠየቀኝ። ሁሉም ነው የቀዘቀዘው ወይስ አንዳንዱ? ከእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ሙቅ ውሃ ይመጣል? ቦይለሩ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ ስንት ይላል? በኋላ ሲያስረዳኝ ነው ጥያቄዎቹ የገቡኝ። ራዲያተሮቹ በሙሉ ቀዝቅዘው ቧንቧው ግን ሙቅ ውሃ ከሰጠ፣ እንደኛ ዓይነት ኮምቢ ቦይለር ላይ (ራዲያተሩንም የቧንቧውን ውሃም አንዱ የሚያሞቅ) ጥፋቱ የሚፈለገው ቦይለሩ አካባቢ ነው፤ ሙቀቱን ወደ መታጠቢያው ቧንቧ ወይም ወደ ራዲያተር የሚያዞረው ቫልቭ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም የግድግዳው ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) ባትሪ አልቆ ነው። አንድ ሁለቱ ብቻ ከሆነ ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ራዲያተሩ ዘንድ ነው። ግፊቱ ደግሞ ሲስተሙ በቀዘቀዘበት ሰዓት ከ1 እስከ 1.5 ባር ቢሆን ጥሩ ነው።

ሲመጣ ጫማውን በላስቲክ ሸፍኖ ገባ። ማሞቂያውን አስበርቶ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቀ። ከዚያ ሰባቱንም ራዲያተሮች አንድ በአንድ በመዳፉ ዳሰሰ፤ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ ቀጥሎም ከወለሉ የሚወጡትን ሁለቱን ቧንቧዎች።

የኮሪደሩ ላይ ቧንቧው እስከ ቫልቩ ድረስ ያቃጥላል፣ ራዲያተሩ ግን ጭራሽ ቀዝቃዛ ነው። ቁጥር ያለበትን የቫልቭ ራስ ፈትቶ አነሳው። ከሥሩ የምስማር ጫፍ የመሰለች ትንሽ ብረት አለች። ስትጫኗት ገብታ በራሷ ተመልሳ መውጣት አለባት፤ የእኛዋ ገብታ እዚያው ቀርታለች። በፒንሳው ጎን ቀስ እያለ መታ መታ አደረገ፣ ቫልቩን በጎኑ ነካ ነካ አደረገ። አራተኛው ላይ ብቅ አለች። ወዲያው ውሃው ሿ ሲል ሰማሁት። «ሰመሩን ሙሉ ዘግታችሁት ነበር?» አለኝ። አዎ ዘግተነው ነበር። ለካ ሰመር ላይ ማሞቂያው ቢጠፋም የቫልቩን ራስ እስከ መጨረሻው ከፍቶ መተው ነው የሚሻለው፤ ተጫና ከከረመች እዚያው ትነክሳለች። ራሳችሁ ልትሞክሩ ከሆነ ግን ብረቷን በፒንሳ ይዛችሁ እንዳትስቧት፤ ከተነቀለች ውሃው ቤቱን ያጥለቀልቀዋል።

የእናቴ ክፍል ሌላ ነው። እሷ ራሷ «ላዩ ይፈጃል፣ ታቹ በረዶ ነው» ብላን ነበር፣ እኛ ቁም ነገር ብለን አልሰማናትም። ሰውዬው ያንን ስነግረው ገና ሳያየው «ዝቃጭ ነው» አለ። አየር ቢሆን ተቃራኒው ነበር የሚሆነው፤ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ላዩ ይቀዘቅዛል፣ ታቹ ይሞቃል። ያኔ ማሞቂያውን አጥፍታችሁ፣ ሲበርድ፣ ከጥግ ያለችውን ብሎን በትንሿ ቁልፍ ሩብ ዙር ትከፍቱና ሽሽ ብሎ ውሃ ሲመጣ ትዘጋላችሁ። በኋላ ግፊቱን ማየት አይረሳ፣ ይወርዳል። በየሳምንቱ አየር እየሞላ ካስቸገረ ግን ወይ የሆነ ቦታ ያፈሳል፣ ወይ ውስጡ እየዛገ ጋዝ እየሠራ ነው፤ ባለሙያ ይየው።

የእናቴን ራዲያተር ከሁለቱም በኩል ዘጋው። ሲዘጋ ቁጥር የሌለውን የታችኛውን ቫልቭ ዙር ቆጥሮ ክዳኑ ላይ በእርሳስ ጻፈ፣ ሲመልስ በዚያው ልክ እንዲከፍተው። ከግድግዳው አውርዶ ጓሮ ወሰደውና በውሃ ጎማ አጠበው። የወጣውን ነገር ብታዩት! የጠላ አተላ ይመስላል፣ ግን እንደ ቀለም የጠቆረ። ባልዲ ውስጥ አጠራቀመና ከውጭ ማግኔት አስጠጋለት። አተላው እየተሳበ መጥቶ የባልዲው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከራዲያተሮቹ ብረት እየተበላ የወረደ ዝገት ነው። ልጄ ያንን ማግኔት ግማሽ ሰዓት ስትጫወትበት ቆየች።

መልሶ ገጠመው፣ ሲስተሙ ውስጥ ዝገት የሚከላከል ፈሳሽ ጨመረ። ቦይለሩ አጠገብ የማግኔት ማጣሪያ ብናስገጥም ዝቃጩን እንደሚይዝልን ነገረን፣ «ግን ዛሬ ግድ አይደለም» አለ። ይቺን ቃል ወደድኳት። በሳምንቱ ራሳችን ጠርተን አስገጠምን። ለመጀመሪያው ቀን 190 ፓውንድ፣ ለማጣሪያው ከነሥራው 160 ከፈልን።

ጉድለትም አለው። አንድ ሰዓት ተኩል ዘገየ፣ አልደወለም። ራዲያተሩን ሲያወጣ ምንጣፉ ላይ ጥቁር ውሃ ጠብ አለ፤ የአውራ ጣት ያህል ነው፣ እስካሁን አልለቀቀም። ደረሰኝም ጠይቄ ነው በዝርዝር የጻፈልኝ። ደግሞ እሱ ከሄደ በኋላ ሳሎኑ እንደ ድሮው አልሞቅ አለ። ደወልኩ፣ በሦስተኛው ቀን ያለ ክፍያ ተመልሶ መጣ። ውሃ ቀላሉን መንገድ ነው የሚመርጠው፣ ለቦይለሩ የቀረቡት ራዲያተሮች ብዙውን ይወስዱታል ብሎ፣ የእነሱን የታች ቫልቭ ትንሽ ትንሽ ጠበብ አደረገው። ከዚያ ሁሉም እኩል ሞቀ።

ሁለት ነገር ልጨምር። የቦይለሩን ክዳን ያገኛችሁት ሰው ሁሉ እንዲከፍትባችሁ አትፍቀዱ። የጋዝ ሴፍ (በጋዝ ላይ መሥራት የተፈቀደላቸው ባለሙያዎች መዝገብ) መታወቂያ ጠይቁ፣ ጀርባውንም አገላብጣችሁ እዩ፤ የትኛውን ሥራ መሥራት እንደሚችል እዚያ ላይ ተጽፏል። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ከኪሳችሁ አታውጡ። በእንግሊዝ የ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 11 ማሞቂያውን የመጠገን ግዴታ የሚጥለው አከራዩ ላይ ነው። በጽሑፍ ንገሩት፣ ቀኑንም ያዙ።

እናቴ አሁን ቫልቩን 3 ላይ አድርጉልኝ ትላለች፤ 5 ላይ ሲሆን ያፍናታል። ጋቢውን ጠዋት ቡና ስታፈላ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርገዋለች እንጂ ለሌሊት አልፈለገችውም። የሰውዬውን ስም ሳላስፈቅደው እዚህ ማውጣት አልፈለግኩም። ሰሜን ለንደን ያላችሁ ስልኩን ከፈለጋችሁ በውስጥ ጻፉልኝ።