ለካሜራማናችን፣ ስለ 10ሩ ቅዳሜዎች እግዜር ይስጥልን

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ያላችሁ ወገኖቼ፣ በየጊዜው "ጥሩ ቪዲዮ ቀራጭ ጠቁሙን" ስትሉ አያለሁ። እኔ አንድ ሰው አለኝ። ስሙንና ስልኩን አደባባይ ላይ አላወጣም፤ እሱም አይወድም። የፈለገ ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። መጀመሪያ ግን የሠራልኝን ልንገራችሁ።

ሰውየው የሰርግ ካሜራማን ነው። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት ይቀርጻል። እኔ የቀጠርኩት ግን ለፉትቦል ነው። የኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም። ያንን በሄልሜት የሚላተሙበትን ነው።

ልጄ እዚሁ ሚኒሶታ፣ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ኪከር ነው፤ ኳሱን በእግሩ የሚመታው ልጅ ማለት ነው። ነበር ልበል እንጂ፣ ባለፈው ኅዳር ጨረሰ። ልጅነቱን ሙሉ እግር ኳስ ሲጫወት ኖሮ፣ ሃይስኩል ሲገባ አንድ አሰልጣኝ እግሩን አየና ወሰደብኝ። ኮሌጁ ያለው ዲቪዥን ስሪ የሚሉት፣ የኮሌጅ ስፖርት ሦስተኛ እርከን ውስጥ ነው። እዚያ በስፖርት ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር የለም። "ታዲያ ምን አተርፍ ብሎ ነው የሚጫወተው?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ስለሚወደው ነዋ!

ጨዋታዎቹ በኢንተርኔት ይተላለፋሉ፤ ግን ከሩቅ፣ በአንድ ካሜራ ነው። ልጄ ጉንዳን አክሎ ነው የሚታየኝ። እናቴ ደግሞ ጎንደር ናት። የልጅ ልጇን በአካል ካየችው 6 ዓመት ሆኗታል። በደወልኩ ቁጥር "ያ ልጅ ኳሱን እንዴት አድርጎ ነው የሚመታው?" ትለኛለች። የመጨረሻ ዓመቱ ስለሆነ አንድ የረባ ነገር ቀርጬ ላሳያት አልኩ።

ካሜራማኑን ያገኘሁት የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ ነው። ሐሳቤን ስነግረው ሳቀ። "ማዘር፣ እኔ እኮ ይሄን ጨዋታ አላውቀውም" አለኝ። "እኔስ መቼ አወቅኩትና?" አልኩት። ችግሩ ቅዳሜ ነበር። የኮሌጅ ጨዋታም የሐበሻ ሰርግም ቅዳሜ ነው። እሱ ግን ወዲያው አሰላው። ጨዋታው በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ 1 ሰዓት ይጀምርና 4 ሰዓት ላይ ያልቃል። ሰርጉ ካርዱ ላይ 5 ሰዓት ቢልም ሙሽሮቹ ከ8 በፊት አይገቡም። ይደረሳል! ደግሞም ደረሰ። አንድ ቀን ብቻ ከነጭቃ ጫማው አዳራሽ ገባ አሉ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ቀረጻ አበላሸው፤ አልዋሽም። ተጫዋቾቹ ኳስ የሰጡ መስለው ያታልላሉ፤ ኳሱ ግን ሌላው እጅ ነው። የኔ ሰውዬ ባዶ እጁን የሚሮጠውን ጎረምሳ እስከ ጥግ ድረስ ተከትሎ ቀረጸው። ከጀርባው ሕዝቡ ይጮኻል፤ ታችዳውን (ኳሱን ይዞ ከሜዳው ጫፍ መድረስ ነው፣ እንደ ጎል) የተቆጠረው በሌላ በኩል ነው። ዞር ብሎ አየኝና "ሸወዱኝ ማዘር" አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ብሩን ተቀብሎ ዝም ይል ነበር። እሱ ግን የዚያን ቀን አላስከፈለኝም። ቤቱ ሄዶ አጠና።

ካጠናቸው አንዱን ለኔም አሳየኝ። በፈረንጅ አቆጣጠር በጥቅምት 2007 በሚሲሲፒ ጃክሰን ከተማ፣ ትሪኒቲ የሚባል የቴክሳስ ኮሌጅ ከሚልሳፕስ ጋር ሲጫወት የሆነ ነው። ሁለቱም እንደኛው ትንንሽ ናቸው። ትሪኒቲ 24 ለ 22 እየተመራ የቀረው 2 ሰኮንድ ብቻ ነው። ግን ሰዓቱ ቢያልቅም ኳሱን የያዘው ልጅ እስኪወድቅ ወይም ከሜዳ እስኪወጣ ድረስ የተጀመረው ጨዋታ አያልቅም። ወደ ፊት መወርወር የሚቻለው አንዴ ነው፤ ወደ ኋላ ግን የፈለጉትን ያህል ይቀባበላሉ። ልጆቹ 15 ጊዜ ወደ ኋላ ተቀባበሉ። ከአንድ ደቂቃ በላይ እንደዚያ ሲራወጡ ቆይተው አገቡና 28 ለ 24 አሸነፉ። ካሜራማናችን ይሄን አሥሬ እየመለሰ አየ። "አየሽ" እንኳን አይለኝም፣ "አዩ ማዘር፣ እዚህ ጋ ቀራጩ 'አለቀ' ብሎ ካሜራውን ቢያወርድ ኖሮ ጉድ ሆኖ ነበር" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ፊሽካ ሳይሰማ ካሜራ አውርዶ አያውቅም።

ሁለተኛው መምህሩ ልጄ ነው። ኪከር በአንድ ጨዋታ የሚገባው ጥቂት ጊዜ ስለሆነ፣ ካሜራማኑ "ለምን አንድ ካሜራ ሙሉ ቀን አንተ ላይ ይቁም?" ብሎ ጠየቀው። ልጄም የማካሌስተርን ታሪክ ነገረው። ሴንት ፖል ያለው ማካሌስተር፣ ኮፊ አናን የተማሩበት ኮሌጅ ማለት ነው። ፉትቦል ቡድኑ 50 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ነበር። ሃምሳ! በ1980 ያንን ያቆመው ሊያልቅ 11 ሰኮንድ ሲቀረው የገባ አንድ የኪከር ምት ነው፤ 17 ለ 14። ካሜራማኑ ምንም አልመለሰም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለተኛ ካሜራ ይዞ መጣ።

እሰይ ይዞ መጣ! ምክንያቱም ያ ቅዳሜ 49 ለ 48 ያለቀበት ነው።

ለማታውቁት በአጭሩ፦ ታችዳውን 6 ነጥብ ነው። ከዚያ በኋላ ኪከሩ ገብቶ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ካሳለፈ 1 ይጨመራል። ርቀቱ 20 ያርድ ገደማ ነው፤ ሁሉም እንደ ቀላል ያዩታል። አንዱ ኳሱን በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ ይልካል፣ ሌላው ተንበርክኮ ተቀብሎ ያቆማል፣ ልጄ ይመታል። ሁለት ሰኮንድ አይሞላም። "ቀለበት ሲደረግ እንኳን ከዚህ የተሻለ ጊዜ አለኝ" ይላል ካሜራማኑ። ያን ቀን ልጄ 7 ጊዜ ገባ፣ 7ቱንም አሳለፈ። እኛ ስናገባ እነሱም ያገባሉ። ተከላካይ የሚባል ሰው ሜዳ ላይ ያለም አይመስልም ነበር። በአራተኛው ሩብ ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ።

በመጨረሻ እነሱ 7ኛቸውን አገቡና 49 ለ 48 ሆነ። የነሱ ኪከር አቻ ሊያደርግ ገባ። መታ። ኳሱ ቋሚውን መታውና ወደ ውጭ ተመለሰ። "ጓ!" ያለው ድምፅ እስከኛ ድረስ ተሰማ። የኛዎቹ ሜዳውን አጥለቀለቁት።

ሁለቱ ሲደመሩ 97 ነጥብ ነው። 97 ሚኒሶታ ውስጥ ሌላ ታሪክ አለው። በ2017 ሴንት ቶማስ፣ ሴንት ኦላፍን 97 ለ 0 ረትቶ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ኮንፈረንሱ፣ አብረው የሚጫወቱት ኮሌጆች ማኅበር ማለት ነው፣ ሴንት ቶማስ እንዲወጣ ወሰነ፤ በ2021 ወደ ዲቪዥን ዋን፣ ወደ ላይኛው እርከን ገባ። በዚያ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ባጠቃላይ ሌሎቹን አላስቀምጥ ብሎ ነው። እኔ ግን 97 ለሁለት ሲካፈል ነው የሚጣፍጠው ባይ ነኝ።

አሁን ይቺን ስሙኝ። ቀረጻውን እቤት ስናይ የዚያ የሳተው ልጅ ፊት በቅርብ ነበረበት። ሄልሜቱን ሳያወልቅ ቁጭ ብሎ ሳሩን ሲነጭ ይታያል። ከሰማይ የወረደ ምስል ነው፤ ሌላ ቀራጭ ቢሆን በስሎው ሞሽን ያደርገው ነበር። ካሜራማናችን ቆረጠው። "ያቺም እናቱ ማዶ ተቀምጣ ነበር" አለኝ። ድምፁን ብቻ ተወው።

የኅዳሮቹን ጨዋታዎች ባላወራ ይሻላል፤ ሁለቱንም ተሸነፍን። ብርዱ ደግሞ ባትሪ ይገድላል። በብብቱ ይዞ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ባትሪዎቹን ተቀበልኩትና ከሻይ ፔርሙዙ ጋር በጋቢ ጠቀለልኳቸው። እስከ መጨረሻው ሠሩ።

ፊልሙ ለታንክስጊቪንግ ይደርሳል ብሎኝ ነበር። የደረሰው ለገና ነው፣ ለኛው ገና። ይሄ ጉድለቱ ነው፤ ቀን ሲነግራችሁ አንድ ወር ጨምሩበት። ቅዳሜና እሁድ ስልክም አያነሳም። ግን ያመጣውን ሳይ ንዴቴ ሁሉ ጠፋ። 40 ደቂቃ ነው። እኔ ሳልጠይቀው ለእናቴ ብሎ ከሥር በትልልቅ ፊደል አማርኛ ጽፎበታል። "ይሄ 6 ነጥብ ነው። አሁን የእርስዎ ልጅ ይገባል።" ግዙፎቹ ወደ ልጄ ሲንደረደሩ ደግሞ፣ "አይስጉ እማማ፤ የመታውን ልጅ መግጨት ያስቀጣል።"

የገና ዕለት ዶሮውን እንደበላን ጎንደር ደወልን። ስልኩን ቴሌቪዥኑ ፊት አቆምኩት። እናቴ የጎረቤት ልጅ እያነበበላት አየችው። ልጄ በመታ ቁጥር እልል ትላለች። "ጓ!" ሲል ግን ዝም አለች። "ውይ፣ የማን ልጅ ነው?" አለች።

ወንድሜ፣ ስላደረግክልን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። እጅህ ይባረክ።

ለሌሎቻችሁ፦ ዋጋው ለሰርግ ከሚያስከፍለው ሩቡን አይሞላም፤ መንገድ ሲርቅ ቤንዚን ትጨምሩለታላችሁ። ለሰርግ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ያዙት። የመስከረምና የጥቅምት ቅዳሜ ከሰዓትን ግን አትልፉ፤ ፊልሙን ያዩ ሦስት የፈረንጅ እናቶች ከወዲሁ ይዘውታል።