ኮምቦልቻ ላይ የወሰድኩት የሁለት ቀን የገለጻ አቀራረብ ስልጠና

በየሩብ ዓመቱ ለሥራ አመራሩ ሪፖርት የማቅረብ ኃላፊነት ስለተሰጠኝ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የግል ማሠልጠኛ ያዘጋጀውን ስልጠና ለመከታተል ሁለት ቀን ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት እየወረድኩ ተመላልሻለሁ። ክፍያው ምሳን ሳይጨምር 2,500 ብር ነው።

የመጀመሪያው ቀን ቅር አሰኝቶኛል። አሠልጣኙ «ስላይድ አታንብቡ» የሚለውን ስላይድ ራሱን ቃል በቃል አነበቡልን፤ ፊደሉ ደቃቅ ከመሆኑም በላይ መጋረጃ በሌለው መስኮት የሚገባው ፀሐይ የፕሮጀክተሩን ብርሃን ስለዋጠው፣ ከኋላ የተቀመጥን ሰዎች የምንከታተለው በጆሯችን ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ቀን ግን ሌላ ስልጠና ይመስል ነበር። እያንዳንዳችን የየመሥሪያ ቤታችንን ጉዳይ በሰባት ደቂቃ እንድናቀርብ ተደረገ፤ ኮምፒውተር ከመክፈታችን በፊት ግን አድማጩ ሰምቶ ሲወጣ ምን እንዲወስን እንደምንፈልግ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነበረብን። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል፤ ካገኘሁት በኋላ ግን ከ22 ስላይዶቼ ውስጥ 16ቱ ለውሳኔው እንደማያስፈልጉ ራሴው አይቼ አወጣኋቸው። አሠልጣኙ ገለጻው መሐል ላይ ሳያስጠነቅቁ ፕሮጀክተሩን ያጠፉና «መብራት ሄደ፣ ቀጥሉ» ይላሉ፤ ጉዳዩን የሚያውቀውና ስላይዱን ብቻ የሚያውቀው ወዲያው ይለያል።

የአንዲት ተሳታፊ ጽሑፍ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ስለነበር በአዳራሹ ኮምፒውተር ሲከፈት ሁሉም የላቲን ፊደል ሆኖ ወጣ። አሠልጣኙ ምክንያቱን በሚገባ አስረዱ፦ እንዲህ ያሉት የቆዩ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ የሚያስቀምጡት በላቲኑ ቦታ ላይ ነው፤ ግዕዝ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት) የራሱ ቦታ ስላለው፣ በዚያ መጻፍና ከፋይሉ ጋር የፒዲኤፍ ቅጂ መያዝ ችግሩን ያስቀራል።

ለጥያቄና መልስ ልምምድ የተረፈው የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ብቻ መሆኑ ያሳዝናል። መንዙማ በሚደምቅበት በወሎ፣ አውራጁ ተቀባዮቹን ሳይጠብቅ እንደማይቀጥል ሁላችንም እናውቃለን፤ አድማጭን ስለማሳተፍ ሲያስተምሩ ይህን አለማንሳታቸው ገርሞኛል።

ለመመዝገብ ያሰበ ሰው በቅርቡ የሚያቀርበውን እውነተኛ ሪፖርት ይዞ ቢሄድና የመጀመሪያውን ቀን ከፊት ወንበር ቢይዝ ይሻለዋል።